ዝተቱ የተረገጠ ዕለት

ዝተት የማያውቅ የመንዝን ብርድ አያውቅም። ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ግን ገና ወንፊት ነው። ወንዝ ወርዶ፣ ትኩስ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ጎረምሶች በእግራቸው ካልረገጡት አይጠብቅም። የሚረገጠውም በዘፈን ነው፤ እግርን የሚያስማማው እሱ ነው። ጠጉሩን የምንፈትለው ሴቶቹ ስለሆንን ዘፈኑን የምናወጣውም እኛው ነን።

አባቴ ሸማኔ ነበሩ። ከወንዙ በላይ ባለችው ትንሽ ከተማችን የእሳቸውን ዝተት ያልደረበ ሙሽራ አልነበረም። በዚያ በደርግ ዘመን ግን ለጦር ግንባር የሚደረገው አፈሳ ጎረምሳውን ሁሉ አሸሸውና፣ አባቴ ሸምነው የከመሩት ዝተት ረጋጭ አጥቶ የአይጥ መጫወቻ ሆነ። ታላቅ ወንድሜም ሸሽቶ ጓሳ ተራራ ላይ ከርሞ ነበር። አባቴ "ለአንድ ቀን ብቻ ጓደኞችህን ይዘህ ውረድ" ብለው ላኩበት። አባቱ "እርገጥልኝ" ብሎት የሚቀር ልጅ በእኛ አገር የለም። አራት ሆነው መጡ።

"ዛሬ ዘፈን የለም" አሉ አባቴ፣ ወንዝ እንደ ደረስን። "ለአፈሳ የወጡት ታጣቂዎች ማዶ ናቸው።"

ረገጡ። ግን ምን መርገጥ ነው! አንዱ እግሩን ሲያነሳ ሌላው ይጥላል፤ ዝተቱ እዚህ ይቋጠራል፣ እዚያ ይሳሳል። እኔ ውሃ አፍሳሽ ነበርኩ። ክረምቱን ሙሉ የፈተልኩት ዓይኔ እያየ ሲበላሽ ደሜ ፈላ፤ ድሮም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። "ኧረ እናንተ፣ ጭቃ ነው እንዴ የምታቦኩት!" ብዬ ዘፈኑን አነሳሁት። አባቴ እጃቸውን ሲያወናጭፉብኝ አይቻለሁ። እያየሁ ቀጠልኩ። ልጆቹ ተቀበሉኝ፣ እግራቸው ገጠመ፣ ወንድሜም ሳቀ።

የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች ወንዙን ተሻግረው ሲመጡ አልሰማናቸውም። አራቱንም እግራቸው እንደ ረጠበ ነዷቸው።

የወንድሜ መርዶ የመጣው በዓመቱ ነው። ለቅሶው ላይ እናቴ ድንገት ቀና ብላ፣ "አንቺን ማን ነው ዝፈኚ ያለሽ?" አለችኝ። አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ ያልኳት" አሉ። "እሷማ እምቢ ብላኝ ነበር።"

እናቴ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ አባቴን በደግ ዓይን አላየቻቸውም። እኔም እውነቱን አልነገርኳትም።