ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ሸሚዝ

ከቤት የወጣሁት የልብስ ሳፋ ተሸክሜ ነው። የሌላው ሰው የስደት ወሬ በሌሊት ይጀምራል፤ የእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ነው። በዚህ በደርግ ዘመን ጉለሌ ማታ ማን ይንቀሳቀሳል? ሰዓት እላፊ አለ፣ አብዮት ጥበቃ አለ፣ ውሻው እንኳ መጮህ ትቶ ነበር እኮ። ወንዝ የምትወርድ ልብስ አጣቢ ግን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል? ይህን ያሰበችው እማዬ ናት። ዋዜማውን አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ብዙ ቆየችና "በሳፋ ትወጫለሽ" አለችኝ። በቃ፣ ስንብታችን ይኸው ነው። እኔም እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ዋናው የሚሸሸው እኔ ሳልሆን ታናሽ ወንድሜ በኃይሉ ነበር። ለማታውቁን ልንገራችሁ፤ አባታችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከወለጋ፣ እናታችን ከመንዝ፣ ያገናኛቸውም ጸሎት ቤት ነው። በኃይሉ መዘምራን ውስጥ ነበር። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላም ነጩን የመዘምራን ሸሚዙን ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባል፣ በከሰል ካውያ ይተኩሳል፣ እሑድ ለብሶት እቤት ይቀመጣል። ታዲያ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጅህን አንሳና መፈክር በል ሲሉት እጁን ኪሱ ከቶ ዝም አለ። መጀመሪያ ገልብጠው ውስጥ እግሩን ገረፉት። ሁለተኛውን ደግሞ የሚያውቀን ሰው በጆሯችን ሹክ አለን፤ ሊወስዱት ነው፣ ከተወሰደም አይመለስም። የዚያኑ ቀን እንጦጦ ሥር፣ እንጨት የሚሸከሙ አንዲት የእማዬ ወዳጅ ጎጆ ደበቅነው። እማዬ ግን ብቻውን ልትልከው አልቻለችም። "ያ ልጅ ብቻውን ከሄደ ጫማውንም ረስቶት ነው የሚደርሰው። ስንዱዬ፣ አሻግሪልኝ" አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

እኔና እማዬ በራችንን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ተካ አስቆመን። ተካ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከበኃይሉ ጋር የጨርቅ ኳስ ሲጫወት ነው ያደገው። አሁን አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ አንግቷል።

"ስንዱ! ወዴት ነው?"

"አታይም እንዴ? ልብስ ላጥብ ነዋ።"

"ሰኞ ልብስ፣ ሐሙስ ልብስ! እናንተ ጴንጤዎች ግን ምን ያህል ነው የምትቆሽሹት?"

እማዬ ከኋላዬ "የአንተንም አምጣና እንጠብልህ ልጄ። ኮሌታህን እስቲ እየው" አለችው።

"እማማ ደብሪቱ ደግሞ!" ብሎ ሳቀ። ሳቀና በጠመንጃው አፈሙዝ የላይኛውን አንሶላ ገለጥ አደረገው። ከሥር የመንገድ ስንቃችን ዳቦ ቆሎ አለ፣ የበኃይሉ ነጭ ሸሚዝም አለ። እማዬ ግን ነገሩ ገብቷት ኖሮ ከአንሶላው ሥር የእኔን የውስጥ ሱሪዎች ደርድራቸው ነበር። ተካ አፈሙዙን እሳት እንደነካው ሰብስቦ ፊቱን አዞረ። "እለፉ፣ እለፉ" አለ። ያን ቀን የውስጥ ሱሪዬ አዳነኝ፤ እውነቴን ነው፣ ሳቁ ከፈለጋችሁ።

ወንዝ ስንደርስ እማዬ የእውነት አጠበች። እንዶዱን ወቅጣ፣ ጋቢውን ድንጋይ ላይ አድርጋ በእግሯ ረገጠችው፣ ጨምቃም ቁጥቋጦ ላይ አሰጣችው። ሌሎች አጣቢዎች ስለነበሩ መሳሳም የለም። ቀና ሳትል "ጋቢው ሳይደርቅ ሂጂ። የጠየቀኝ ካለ ጋቢ እየጠበቀች ነው እላለሁ" አለችኝ። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነበር። ዳቦ ቆሎውንና ሸሚዙን በነጠላዬ ጠቅልዬ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባሁ። ዞር ብዬ ካየሁ እንደማልሄድ አውቃለሁ።

በኃይሉን ከደበቅንበት ጎጆ ወስጄ፣ ሸጎሌ ከብት ገበያ አራግፋ ወደ ጎንደር የምትመለስ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። በኃይሉ ሸሚዙን ሲያይ ፊቱ በራ። "ሱዳን የገባን ቀን ለብሼው እዘምራለሁ" አለኝ። እኔ የበሬ ሽንት ላይ ቁጭ ብዬ ስለ መዝሙር ሲያወራኝ መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ።

ከጎንደር ወዲያ የተቀበለን አሻጋሪ አያ ፈንቴ ይባላል። ቀጭን፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። መጀመሪያ ያደረገው የከተማ ልብሳችንን አስወልቆ አቧራ የጠጣ የገበሬ ልብስ ማልበስ ነው።

"ሳሙና የያዘ ካለ እዚሁ ይቅበር። እስክንሻገር ገላም ልብስም መታጠብ የለም" አለን።

"ለምን?" አልኩት።

"ጠረናችሁ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ የኔ ልጅ። በዚህ ቆላ ነጥቶ የሚሄድ ከከተማ የሸሸ ብቻ ነው። ሚሊሻውም ይህን ያውቃል።"

"እሺ አያ ፈንቴ" አለ በኃይሉ። እሺ አለ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሳሙናውን ግን ሸሚዙ ውስጥ ጠቅልሎት ነበር።

መንገዱን አላወራላችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል። ሙቀቱ የጉለሌን ብርድ አስናፈቀኝ። እንጦጦ ላይ ጉም ሲወርድ "ኧረ ይሄ ብርድ!" እያልኩ የተማረርኩበትን አፌን ረገምኩት። ላባችን ልብሳችን ላይ ደርቆ ጨው ሠራ። መንደር ባየን ቁጥር አያ ፈንቴ ጎንበስ ያሰኘናል፤ የውሻ ድምፅ በሰማን ቁጥር ትንፋሻችንን እንውጣለን። በኃይሉ የሚያሳክከው ግን ቆሻሻው ነበር። ኮሌታውን እየነካ "እማዬ ብታየኝ" ይላል። እማዬ ዘንድ እሑድን በቆሸሸ ኮሌታ መቀበል ሰው ከማማት እኩል ነው። እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው።

ድንበሩ ሊቀርብ ሲል አንድ ወንዝ ዳር አረፍን። አያ ፈንቴ "ሲጨልም እንሻገራለን። ነገ ሱዳን ናችሁ" ብሎ ጓዛችንን የተሸከመችውን አህያ አስሮ ጋደም አለ። እኔም እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት በማውቀው ድምፅ ነው፤ ልብስ ሲታሽ የሚሰማው ያ ችፍ ችፍ። ለአፍታ ጉለሌ ያለሁ መስሎኝ ደስ አለኝ እኮ። ዓይኔን ስገልጥ ወንዙ ላይ ነጭ አረፋ ተንሳፍፎ ቁልቁል ይወርዳል። በኃይሉ የአህያዋን የጭነት ገመድ በሁለት ግራር መካከል ወጥሮ ሸሚዙን አስጥቶታል። ያውም እማዬ እንዳስተማረችን፣ ትከሻው እንዳይጨማደድ ከታችኛው ጫፉ ገልብጦ። ሁለቱ እጅጌዎች ወደ መሬት ተንጠልጥለዋል።

"አብደሃል?" አልኩት።

"ነገ እሑድ ነው።"

"በዚህ በረሃ ማን ሊያይህ ነው?"

"ቶሎ ይደርቃል ስንዱዬ፣ ፀሐዩን አታዪም?"

አያ ፈንቴ ብድግ አለ። ገመዱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። "ያገሬ ሰው ልብሱን ቁጥቋጦ ላይ ጣል ያደርጋል እንጂ ገመድ ይወጥራል? ከተሜ አለ ብላችሁ ባንዲራ ሰቀላችሁ!" አለ በሹክሹክታ። ቀና ስንል ከማዶ ጉብታው ላይ ሰዎች ቆመው ያያሉ። አልሮጡም፣ አልጮሁም፤ ዝም ብለው ሸሚዙን ያያሉ። ከዚያ አንዱ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

አያ ፈንቴ ሁለታችንን እየጎተተ ረጅሙ ሣር ውስጥ ከተተን። በኃይሉም አብሮን ጥቂት ገባ፤ ከዚያ "ሸሚዙ" አለና ተመለሰ። ሊደብቀው ይሁን፣ ሊተወው ስላልቻለ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጠራው አፌን ስከፍት አያ ፈንቴ በመዳፉ አፈነኝ። ሚሊሻዎቹ ወንዙን ተሻግረው ገመዱ ሥር አገኙት።

"ከማን ጋር ነህ?" ሲሉት ሰማሁ።

"ብቻዬን ነኝ" አለ።

አንዲት መፈክር በአፉ አላወጣም ብሎ አገር ያስለቀቀን ልጅ፣ በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቅ ልጅ፣ ለእኔ ሲል ዋሸ። እርጥቡን ሸሚዝ አለበሱት፣ በዚያው ገመድ እጁን የፊጥኝ አሰሩት። ሲወስዱት ጀርባው ላይ የተጣበቀው ነጭ ጨርቅ ብዙ ርቆም ይታየኝ ነበር። እናደድበታለሁ። ወንድሜን እወደዋለሁ፣ እናደድበታለሁም፤ ሁለቱም አልለቅ ብለውኛል።

አያ ፈንቴ እኔን ብቻ አሻገረኝ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኛ ቢሮ ውስጥ አማርኛ የሚሞክር ሹም ጠየቀኝ።

"ለምን መጣሽ?"

"ወንድሜን ላሻግር።"

"ወንድምሽ የታለ?"

"አልተሻገረም።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ሥራሽ ሲለኝ ልብስ ማጠብ እችላለሁ አልኩት። "ሱዳን ውስጥ የጠፋው ውሃ ነው እንጂ አጣቢ አልጠፋም" ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ስደተኛ የሹም ቀልድ ላይ ካልሳቀ የት ይደርሳል?

አሁን ካርቱም ነኝ፤ ሐጃ አምና የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችኝ፣ ልብሳቸውንም አጥባለሁ። ሳፋውን "ጦሽት" ይሉታል፣ ሳሙናውን "ሳቡን"። ኪስራ የሚሉት የማሽላ ቂጣቸው ከእንጀራችን ይዛመዳል ብለው አትሸወዱ፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፣ ወጥ አይሸከምም። እንዶድ ብዬ በእጄ እያስረዳሁ ስንቴ ለፋሁ፣ የሚያውቀው የለም። ጉለሌ በክረምት ልብስ ሰንብቶ ሻግቶ ይሸታል፤ እዚህ አስጥተሽ ሳትጨርሺ የመጀመሪያው ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ከዚያ "ሀቡብ" የሚሉት የአሸዋ ነፋስ ይመጣና ሁሉንም እንደ አዲስ ያስጀምርሻል።

"ያ ሐበሺያ!" ይላሉ ሐጃ አምና፤ አንቺ ሐበሻ ማለታቸው ነው። "ውሃውን ትጠጪዋለሽ ወይስ ታርሺበታለሽ?"

"አጥብበታለሁ ሐጃ።"

"ሦስቴ ማለቅለቅ ምንድነው? ልብስ ነው ወይስ ኃጢአት?"

ሦስቴ ማለቅለቅ የእማዬ ሕግ ነው። እንዴት ብዬ በዓረብኛ ላስረዳቸው?

እማዬን ከካርቱም ፖስታ ቤት በስልክ ያገኘኋት ብዙ ወር ቆይቼ ነው፤ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ስልክ ያላቸው ጎረቤታችን ዘንድ እንድትጠብቀኝ በነጋዴ ሴት ላክሁባት። መስመሩን ሰው እንደሚሰማው ሁለታችንም ስለምናውቅ የበኃይሉን ስም አላነሳንም። "እንዴት ነሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

"ልብስ አጥባለሁ። ያንን ነጩን" አለችኝ።

ገባኝ፤ አዲስ አበባ መልሰውታል፣ ታስሯል፣ አለ ማለት ነው። ዘመድ የታሰረባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት እስር ቤቱ በር ላይ ስንቅና የታጠበ ልብስ ያቀብላል፣ የቆሸሸው ይወጣለታል። ፊቱን አታይም። የቆሸሸ ልብስ ከወጣ ግን የለበሰው ሰው አለ።

"ኮሌታው እንዴት ነው እማዬ?"

"ጥቁር! ሁለቴ አሽቼ ነው የሚለቀው።"

"ተመስገን!" ብዬ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ጮህኩ። ተራ የሚጠብቀው ሱዳናዊ ሁሉ ዞሮ አየኝ። በቆሻሻ ጌታን አመሰገንኩ፤ እኔ የደብሪቱ ልጅ!

ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የምጠይቀው ኮሌታውን ነው። አንድ ጊዜ "እጅጌው ላይ የማይለቅ ነገር አለ" አለችኝ። ምንድነው ስላት "በቀዝቃዛ ውሃ ነው ያጠብኩት" አለች። በሙቅ ውሃ የማይታጠበው ደም እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰሞን እጄን ሳፋ ውስጥ ስከት ይዘገንነኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ድምጿ ራቀብኝ።

"ኮሌታው እማዬ?"

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"እማዬ፣ ኮሌታው?"

"ነጭ ነው" አለች።

"አጠብሽው?"

"ሳላጥበው ነው ነጭ የሆነው። እንደሰጠኋቸው ነው የመለሱልኝ። ያጣጠፍኩት እንኳ አልተፈታም።"

የስልኩን ሳጥን ተደገፍኩ። "ስንቁንስ?"

"ስንቁን ተቀብለውኛል።"

"እንግዲያ ሌላ ልብስ አግኝቶ ይሆናል። ወይ ቦታ ቀይረውት ይሆናል" አልኳት።

"ይሆናል" አለች። እትዬ በላይነሽ ከጀርባ ሲያስሉ ይሰማኛል። መስመሩ ሊቆረጥ ሲያንሿሿ ሌላ የምለው ጠፋኝና "አሁን ሸሚዙ የት ነው?" አልኳት።

"ገመድ ላይ ነው። አጥቤ አሰጣሁት።"

"ንጹሕ ነው አላልሽኝም?"

"ቅዳሜ እኮ ነው ልጄ" አለችኝ።