ዘጠና አራት ሰዓት

ከአገር የወጣን ዕለት ማታ፣ ቦሌ ኤርፖርት በር ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት እጄን ያዘችኝ። ሰዉና ሻንጣው ተጋፍቷል። ልጄ ቤቴል ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛለች። ሴትዮዋ ልጇን ልትሸኝ ከደሴ በአውቶቡስ መምጣቷ ነው። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

«ኮሎምበስ የሚባል አገር፣ ኦሃዮ» አልኳት።

«የእኔም ልጅ እዚያ ነው የምትሄደው! ራሔል፣ ነይ ወዲህ!»

የልጅቷን እጅ አንሥታ በእኔ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «እኅቴ፣ ብቻዋን ናት። ክፉ ነገር ሲገጥማት ከጎኗ ሰው አይጥፋ። አደራሽን።»

«እኔ እያለሁ አይጠፋም» አልኳት። ዘበኛው «ሸኚ ወደ ኋላ!» እያለ አባረራት። ስሟ ጥሩወርቅ መሆኑን የሰማሁት አውሮፕላን ውስጥ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ገባን። ብሌንደን ታውንሺፕ የሚባል ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራየን፤ አንዱን ክፍል እኔ፣ አንዱን ራሔልና ቤቴል ያዙ። ለምትመጡ ሰዎች የምነግራችሁ፣ የክረምቱ ፀሐይ አያታልላችሁ፤ ያበራል እንጂ አያሞቅም። ቲማቲሙ ያምራል፣ ሽታ የለውም። ጎረቤት በጥርሱ ሰላም ብሎ ያልፋል፤ ሳይደውሉ በሩን ማንኳኳት ነውር ነው። ቢሆንም አገሩ ተቀብሎናል፤ ልጄ ተምራበታለች። ያበላኝን አላማም።

ሥራ ያገኘነው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ሞርስ ሮድ አካባቢ የሚኖሩት ጋሼ ተፈራ በቫናቸው እየዞሩ ይለቅሙናል፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ማኅበር የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። ራሔል ከሥራ በኋላ ኮሌጅ እየሄደች ዳታቤዝ ተማረች። በሦስተኛው ዓመት ከሣጥን ማንሣት ወጥታ፣ በመስታወት ወደተከለለችው ቢሮ ገባች። ሥራዋ በየጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ «የክፍተት ሪፖርት» የሚባለውን ማውጣት ነበር።

ምን እንደሆነ አንድ ቀን ቫኑ ውስጥ ጠየቅኋት። እኔ አገር ቤት አሥራ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ ፋይል ሲወጣ እጽፋለሁ፣ ሲመለስ እጽፋለሁ። በመካከሉ ክረምትና በጋ ቢፈራረቅ ማንም ቁጭ ብሎ አይቀንስም። «አለቃ ጠረጴዛ ላይ ነው» ከተባለ በቃ።

«እዚህ ሥራው መቀነስ ነው፣ እትዬ» አለች ራሔል። «ሣጥን ስካን ባደረጉ ቁጥር ዳታቤዙ ውስጥ አንድ መስመር ይጻፋል፤ የእርስዎ ቁጥር፣ የሣጥኑ ቁጥር፣ ሰዓቱ። እኔ የእርስዎን መስመሮች ብቻ ለይቼ በሰዓት ቅደም ተከተል እደረድራለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ መስመር ሰዓት ላይ የቀደመውን መስመር ሰዓት ይቀንሳል። የሚተርፈው በሁለቱ መካከል ያለፈው ጊዜ ነው። ከአሥር ደቂቃ ከበለጠ ቁጥሩ ይቀላል፣ ቀይ ይሆናል።»

«መካከል ላይ የሠራሁትስ?»

«ስካን ካላደረጉት የለም።»

«ወድቄ ቢሆንስ?»

«ወድቀው ስካን ያድርጉ!» ብላ ሳቀች።

ጋሼ ተፈራ መሪያቸውን እንደያዙ፣ «እግዜርም እንዲህ እየቀነሰ ቢያየን ማን ይተርፍ ነበር?» አሉ።

ሁለት ጊዜ ቀልቶብኛል። አንዱ ቤቴል ታማ ከትምህርት ቤት ኮል ሲያደርጉልኝ ነው። አንዱ በስቅለት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ስሰግድ። ሁለቱም ጊዜ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ፈርሜያለሁ። ሦስተኛው ከሥራ ያሰናብታል።

ባለፈው በጋ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከሥራ ገብተን እራት ሳቀርብ ጋሼ ተፈራ ደወሉ።

«ዘነበች፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ራሔል ሻወር ውስጥ ናት።»

«እናቷ ዐርፈዋል። ወንድሟ አሁን ደወለልኝ። በእነሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ለእኛ ዛሬ ጧት ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው።»

ወንበር ሳብኩ።

«ሰዉ እስከ ዓርብ ሥራ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ተሰብስበን እናረዳታለን። እስከዚያ ስልክ እንዳታስነኪያት።»

«አራት ቀን? እንዴት ብዬ ነው ጋሼ ተፈራ?»

«ቻይው እንግዲህ። ሥራ ቦታ ቆማ ትስማ? በስልክ ትስማ? ሰው እንደሌላት?»

እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ መርዶ በሰው መካከል ነው የሚነገር፤ የሚይዝ እጅ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ሳይኖር አይነገርም። አደራውም ትዝ አለኝ። የራሔልን ስልክ ከልብሷ ጋር ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ሆን ብዬ ነው። ለንስሓ አባቴ ተናግሬያለሁ።

ረቡዕ ማታ ሽሮ አቀረብኩ። ራሔል፣ «እትዬ፣ በእርስዎ ስልክ ለእማዬ ልደውል? ሰሞኑን ድምፅዋን አልሰማሁም» አለችኝ።

«ካርዱ አልቋል። ነገ» አልኳት። ያን ጊዜ እናቷ ከተቀበሩ ግማሽ ቀን ሊሆናቸው ነው። ቤቴል በእንግሊዝኛ የሆነ ቀልድ ተናገረች፤ ራሔል እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ፊቴን ወደ ሳህን ማጠቢያው አዞርኩ።

ሐሙስ ሥራ ላይ ነበርን። ዘቢባ የምትባል የደሴ ልጅ ከተቀጠረች ሁለት ሳምንቷ ነው። ከወዲያ ማዶ ሻሿ ወልቆ፣ ፊቷ ፈርሶ፣ ወደ መስታወቱ ቢሮ ስትገሰግስ አየኋት። ገባኝ። ስካነሬን ሣጥን ላይ ጥዬ ሮጥኩና ክንዷን ያዝኩ።

«ልቀቂኝ! ጎረቤቶች ነን! እናቷ ናቸው ያሳደጉኝ!»

«አልተነገራትም!»

«ሱብሃነላህ! ዛሬ ስንተኛ ቀናቸው ነው?»

ሽንት ቤት ይዣት ገባሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣ አፏን በሻሿ አፍና አለቀሰች። በዚያ ፊት ብትወጣ ራሔል በመስታወቱ ታያታለች። እስኪወጣላት ጠበቅሁ። ስመለስ ስካነሬ እዚያው ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሱፐርቫይዘሯ አስጠራችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ በገና ለሁላችንም ቸኮላት ትሰጣለች። የእኔ እንግሊዝኛ ለእንዲህ ያለ ነገር ስለማይበቃ አስተርጓሚ አስቀምጣለች። አስተርጓሚዋ ራሔል ናት። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ አንደኛው ከጧቱ አራት ሰዓት ከዐሥር፣ ሁለተኛው አራት ሰዓት ከአርባ አራት። በሦስተኛው ዓምድ በቀይ ሠላሳ አራት ተጽፏል።

«በዚህ ሠላሳ አራት ደቂቃ ውስጥ ምን ነበር ትላለች» አለች ራሔል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው በያት።»

ሱፐርቫይዘሯ ራሷን ነቀነቀች። ራሔል መለሰችልኝ፤ «ጥፋት አልጠየቅሁም፣ ምክንያት ነው የጠየቅሁት፤ ፎርሙ ላይ የምጽፈው ነገር ስጪኝ ትላለች። እትዬ፣ በእመብርሃን፣ ሆዴን አሞኝ ነው ይበሉ። አንድ ቃል ነው።»

«አልታመምኩም።»

«እንግዲህ ምን ነበር?»

ዓይኖቿን አየሁ። የእናቷ ዓይኖች ናቸው። የምናገረውን ሁሉ መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት። ውሸት ብናገር በሰላም በወጣሁ ነበር፤ ግን የዚያን ሳምንት ውሸቴን ሁሉ ጨርሼው ነበር መሰለኝ፣ አንድ እንኳ አልመጣልኝም።

«ዝም አለች በያት» አልኩ።

ራሔል አልተረጎመችውም። አያስፈልግም ነበር። ሱፐርቫይዘሯ አዝናለሁ ብላ እጇን ዘረጋች፤ ባጄን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። ዘቢባ ኮሪደሩ ላይ ቆማ «ገብቼ ልመስክርልሽ» ስትለኝ፣ «ምስክርነትሽ ራሱ መርዶ ነው፣ ዝም በይ» አልኳት። ማታ ቫኑ ውስጥ ራሔል እጄን ይዛ አለቀሰችልኝ። «ሪፖርቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። ለእኔ አለቀሰች። እኔም ለእሷ እያለቀስኩ ለራሴ አስመሰልኩ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ጥቁር ለብሰው፣ መኪናቸውን መንገዱ ዳር ደርድረው፣ አንድም ድምፅ ሳያሰሙ ደረጃውን ወጡ። የሕንፃው ኃላፊ በካናቴራ ወጥቶ፣ «ፓርቲ ነው?» አለኝ።

«ሞት» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ደንግጦ ወደ ቤቴ አየ። «አስከሬኑ ውስጥ ነው?»

«ኢትዮጵያ ነው።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው» አለ። ከዚያ መኪኖቹ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንዲነሡ አሳስቦ ገባ።

ራሔል ከመኝታ ቤት በፒጃማ ስትወጣ ሳሎኑን ሙሉ ሰው አየች። እንዲህ ያለ ሰዓት፣ እንዲህ ያለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ሴቶች ክንዶቿን ያዙ። ጋሼ ተፈራ ተነሡ።

«ልጄ፣ እናታችን ዐርፈዋል።»

አልጮኸችም። «መቼ?» አለች።

«ማክሰኞ፣ በእኛ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ።»

ከንፈሮቿ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። እየቀነሰች ነበር። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝና ጮኸች። ይዘናት ነበር፤ ሃያ ሦስት ሰው ይዟት ነበር።

ሰኞ፣ የሠላሳ አራቱን ደቂቃ ነገር ከዘቢባ ሰምታ፣ ለቅሶዋን ሳትጨርስ ዌርሃውስ ሄዳ ስለ እኔ ነገረቻቸው። «ሪኮርዱ ተዘግቷል» አሏት። ይህን የነገረችኝ ዘቢባ ናት፤ ራሔል አልነገረችኝም። ቤት ውስጥ ውኃ ስሰጣት ትቀበለኛለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ ከዚያ በላይ የለም። በሦስተኛው ሳምንት ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ይዛ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ በኮምፒውተር የተሠራ ወረቀት ትታ ሄደች። ሁለት ዓምድ አለው። በግራ «የሆነው»፣ በቀኝ «እማዬ ካረፈች ያለፈው ሰዓት» ይላል።

የክፍተት ሪፖርት አወጣሁ — 0
እትዬ ሰሙ — 10
እማዬ ተቀበረች — 24
ለእማዬ ልደውል አልኩ፤ ነገ አሉኝ — 35
ሳቅሁ — 35
ዘቢባ አለቀሰች — 50
እትዬ ሲባረሩ አስተረጎምኩ — 77
ተነገረኝ — 94

ከዚያ በታች ምንም አልጻፈችም። ደጋግሜ አነበብኩት። ሥራዬን ያጣሁበትን ሠላሳ አራት ደቂቃ ፈለግሁ፤ በአንዱ መስመር ውስጥ አለ፣ ግን የእኔ አይደለም፣ የዘቢባ ነው። ትክክል ናት። ስሕተት ልፈልግበት ብዬ በጣቴ ሁሉ ቆጠርኩት፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልተሳሳተችም።

አሁን የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ አጸዳለሁ። ተመስገን፣ እዚያ ስካነር የለም። ለራሔል ደወልኩ፣ ጻፍኩ፣ በቤቴል በኩል መልእክት ላክሁ። ቤቴል «ሺ ኒድስ ታይም፣ ማሚ» ትለኛለች፤ ጊዜ ያስፈልጋታል ማለቷ ነው። ስንት? ያን አትነግረኝም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አገር ቤት ለታላቅ እኅቴ ለአስናቀች ደወልኩ። አባታችን ሰማንያውን አልፈዋል፤ ሰሞኑን ሳል ይዟቸዋል። ድምፃቸውን ከሰማሁ በኋላ፣ ስልኩን መልሰሽ ያዢው አልኳት።

«አስናቀች፣ አንድ ነገር ማይልኝ። አንድ ነገር ቢሆን በዚያው ሰዓት ደውለሽ ንገሪኝ።»

«አፍሽን ቁረጪው!»

«ግድ የለም፣ ማይልኝ።»

«በስልክ? ሰው በሌለበት? አብደሻል እንዴ? እኛ ሰው አናጣም። ሰው ልከን፣ ከጎንሽ ተቀምጦ ነው የሚነግርሽ።»

«ማንን ነው የምትልኩት?»

«ያቺን ልጅ ነዋ፣ ራሔልን። አብራሽ የምትኖረውን። ሌላ ማንን እናውቃለን? ቁጥሯ እዚሁ ግድግዳው ላይ ተጽፏል።»

መስመሩ ላይ የአባቴ ሳል ከሩቅ ይሰማ ነበር።

«ጥሩ ነው» አልኳት። «እሷን ላኩ።»