ጭምቷ የተናገረችበት ቀን

ታናሽ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጭምቷ» ይላታል። ፀጉር ሠሪ ናት። ሴቱ ሁሉ እሷ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሆዱን ይዘረግፋል፤ ስለ ባል፣ ስለ አማት፣ ስለ መኝታ ቤት ያልሰማችው የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች ትመክራቸዋለች። የራሷን ግን ሆድ ይፍጀው ነው።

የደም ካንሰር ይዟት በጠና የታመመች ጊዜ፣ ከእኔ ደም ውስጥ አዲስ ደም የሚያበቅለውን ሕዋስ በማሽን ለይተው ሰጧት። ዳነች። እኔም ደሜን ሰጥቻለሁ ብዬ የኑሮዋ አዛዥ ሆንኩ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሥራ ላይ ሳለች ድንገት ፊቷ ይቀላል፣ ላብ ያጠምቃታል። «ካስኩ ነው» አልኩ፤ የፀጉር ማድረቂያውን ማለቴ ነው። ፀጉር ቤቱ የእኔ ስለሆነ ወንበሯን አንስቼ መስኮቱ ሥር አደረግኩት። እዚያም አላባት።

አንድ ቀን ባሏ መጣ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ወሬ አይሆንለትም። የያዘውን ሽቦ ሲጠቀልልና ሲፈታ ቆየና፣ «እትዬ፣ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። ልሄድ ነው» አለኝ።

«ምን አድርጋህ?»

«ምንም። ስጠጋት ትሸሻለች። ጠልታኛለች።»

ነገሩን ሳውጣጣው፣ ከሆስፒታል ስትወጣ «በሽታ እንዳታስይዛት ለብቻህ ተኛ» ብለውት ኖሯል። እስከ መቼ እንደሆነ የነገረው የለም፤ እሱም አፍሮ አልጠየቀም። አልፎ አልፎ ካልሆነ ሶፋ ላይ ነው የከረመው። እሷ ደግሞ ተጸይፎኛል ብላ ደምድማለች። ሊሄድ መሆኑን ስነግራት መቀሷን አስቀመጠች።

«ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። እሱም ይምጣ። አንቺም ነይ፣ ግን ዝም ትያለሽ» አለችኝ። እኔን ዝም በይ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አላስታውስም።

በማግስቱ ሐኪሙ የደሟን ውጤት አየና እንደ ሁልጊዜው፣ «ሌላ ችግር የለም አይደል?» አለ። ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

«አለ» አለች። «ካዳናችሁኝ ወዲህ የወር አበባዬ ቀርቷል። ሰውነቴ ድንገት ይነዳል። ብልቴ ደርቋል፤ ከባሌ ጋር ስተኛ እንደ ቁስል ያመኛል። የምሸሸው ለዚህ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ክንዷን ጎተት አደረግኩ።

«እትዬ፣ ደም የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ አፍ የሰጠኝ ግን እግዜር ነው» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ተጠጋት። የእኔን ሕዋስ ከመቀበሏ በፊት የወሰደችው ብርቱ መድኃኒት እንቁላል ማምረቻዋን እንደጎዳው፣ ድንገተኛው ሙቀትም ድርቀቱም ከዚያ እንደሚመጣ ነገራት። አንዳንዴም አዲሱ ደም ገላን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እዚያ ቦታ ድረስ ያቆስላል አለ። የማህፀን ሐኪም ታያታለች፤ ለሁለቱም ሕክምና አለ። ወደ ባሏ ዞሮ፣ «አንተም አብረህ መተኛት ከተፈቀደልህ ቆይቷል» አለው። ምስኪን፣ ሶፋው ወገቡን ጨርሶታል።

«ልጅስ?» አለች።

«አልዋሽሽም፣ በራስሽ እንቁላል ተስፋው ጠባብ ነው። መድኃኒቱ ሳይጀመር እንቁላል አውጥቶ ማስቀመጥ የሚቻልበት ጊዜ አለ። በሽታው ጊዜ ባይሰጥ እንኳ ልንነግርሽ ይገባ ነበር።»

አለቀሰች። ባሏ እጇን ያዘ። እኔም አነባሁ፤ ያን ያህል ደም ሰጥቼ ይህን ልሰጣት አለመቻሌ አንገበገበኝ። እሷ ግን ፊቷን ጠርጋ ከሁላችን ቀድማ ተነሣች።

ኮሪደሩ ላይ ፀጉሯ ገና ያልረገፈ ወጣት ከእናቷ ጋር ተራ ትጠብቃለች። እህቴ የባሏን እጅ ሳትለቅ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«መድኃኒቱን ጀመርሽ?»

«ሰኞ ነው የምጀምረው።»

«እንግዲያው ዛሬ ስትገቢ፣ ወደፊት መውለድ እፈልጋለሁ በያቸው። ከመጀመሬ በፊት እንቁላሌን ማስቀመጥ ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂ።»

እናትየዋ ተቆጣች። «አሁን ይሄ ይወራል? መጀመሪያ ልጄ ትዳን እንጂ።»

«ትድናለች፣ እናቴ» አለች ጭምቷ። «እኔ የማወራው ከዳነች በኋላ ስለምትኖረው ኑሮ ነው።»

ልጅቷ ተጠራች። እናቷ አብራት ልትገባ ስትነሣ፣ ልጅቷ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻትና ብቻዋን ገባች።