ካሳ ያልተከፈለበት ወይራ

ትናንት ቦሌ ጉዳይ ነበረኝና ስመለስ መገናኛ ላይ የአባዶ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ ሰው ሊጨምር ፈልጎ አጠገቤ ያሉትን ሴትዮ፣ "እማማ፣ ልጁን ከወንበሩ ያንሡልኝ" አላቸው። ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ልጁ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ብስኩቱን እየበላ ቀሚሴን ያጨማልቅብኛል። እኔን ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ይህንኑ ቃል አንድ ጊዜ በእናቴ ጓሮ ውስጥ ሰምቼዋለሁ።

አባዶ ያኔ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን ጤፍና ሽምብራ ነበር። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መሬቱ ለቤት ግንባታ ይፈለጋል ተባለ። ካሳው የሚከፈለው በላዩ ለተገኘው ነው፤ ለቤቱ፣ ለአጥሩ፣ ለሰብሉ፣ ለዛፉ። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ ባሕር ዛፍ ሲተክል ሰነበተ። ኧረ ጎመን መደብ ላይ የተከለም አይቻለሁ! አባቴም ከማንም አላነሰም።

እናቴ ግን የጓሮው ወይራ እንዳይቆጠር ፈለገች። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የተወለደው ወንድሜ አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ ሞቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሕፃን በእኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም፤ ፍትሐትም ለቅሶም የለውም። አባቴ በእናቴ ነጠላ ጠቅልሎ ከወይራው ሥር ቀበረው። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ያነሣ ሰው የለም፤ እናቴ እርሟን እንኳ አላወጣችም። የተቆጠረ ዛፍ ደግሞ የመንግሥት ነው። ይቆረጣል፣ ሥሩም ይነቀላል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ከሁሉ የሚያወጣው እኮ ወይራው ነው!" አላት አባቴ።

"ያውጣ። እኔ ልጄን አልሸጥም።"

"ልጄ" ስትለው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

የካሳ ገማቾቹ የመጡት በኅዳር፣ ጤፉ ሊታጨድ ሲል ነው። ጭኮ ቀረበላቸው፤ በሉ፣ መረቁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቀጥ አለ፤ አንድ የጤፍ ዛላ አይነቃነቅም። ከመሥሪያ ቤቱ ተልኮ የመጣው፣ ከዚያ ቀን በፊት ሰፈራችንን ረግጦ የማያውቀው ወጣት ገማች የቆጠረውን ዛፍ ቀይ ቀለም እየቀባ ወደ ጓሮ ዞረ። እኛም ተከተልነው። ወይራው ዘንድ ሲደርስ ብሩሹን እንዳነሣ ቆመ።

"እማማ፣ ልጁን ከዛፉ ሥር ያንሡልኝ፤ ቀለሙ ይነካዋል።"

ከዛፉ ሥር ማንም አልነበረም። አባቴ አማተበ። እናቴ ግን ጠጋ ብላ የሰውዬውን ክንድ ያዘች።

"የኔ ልጅ፣ ምን ያህላል?"

"ይሄ ነዋ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀው" አለ ግራ ገብቶት። "የእርስዎ አይደለም እንዴ?"

"የኔ ነው" አለች። "አድጓላ!"

ከዚያ "ወይኔ ልጄን!" ብላ ደረቷን መታች። ስንት ዓመት የታመቀ ለቅሶ ነው የወጣው! ጎረቤት ግር ብሎ መጣ፤ አባቴም ጋቢውን አዘቅዝቆ አብሯት አለቀሰ። ገማቹ ዞር ብሎ ወይራውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ሳይቀባው ሄደ።

ካሳው ሲከፈል የወይራው አልነበረበትም፤ አባቴም አልጠየቀም። ወይራው ግን አልተረፈም። ዶዘር ቀለም የተቀባውንና ያልተቀባውን አይለይም።

ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ የቆመው የትኛው ብሎክ እንደሆነ አላውቅም። እናቴ ታውቅ ነበር፤ ይዛው ሞተች። ነገሩን ስናገር ሰው ሁሉ፣ "ሰውዬውን ፀሐይ መትቶት ይሆናል" ይለኛል። ይሁን እሺ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኔ እህቱ እዚያው ቆሜ፣ ዓይኔን አፍጥጬ ያየሁት ባዶ መሬት ነው። ወንድሜን አድጎ ያየው ቀለም ሊቀባ የመጣ የመንግሥት ሰው ነው።