ካምቢዮው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም

አባቴ የትልቅ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። «ነበር» ማለቴን ቢሰማ ይቆጣኛል። በእሱ ቤት ሾፌርነት ጡረታ አያውቀውም፤ ሰፈርተኛውም እስከ ዛሬ «ሾፌሩ» እያለ ነው የሚጠራው፣ እናቴም ሳትቀር። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሐኪሙ ፍሪሲዮን መርገጥ ከለከለው። እናም ዘመኑን ሙሉ ሲንቅ የኖረውን አውቶማቲክ መኪና ለመግዛት ተገደደ። የኋላ በሯ ከውስጥ የማይከፈት ያረጀች ነጭ መኪና ናት።

ያመጣት ዕለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሦስቴ ዞራት።

«ማርሽ ራሷ ትቀይራለች?» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው የምገባው?»

ገባ ግን። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም ይባል የለ? ግራ እግሩ አሁንም የሌለ ፍሪሲዮን ይረግጣል። መብራት ላይ ሲቆም ምንጣፉን ጫን፣ ሲነሳ ለቀቅ ያደርጋል። እዚያ ጋ ያለው ምንጣፍ ከተበሳ ቆይቷል።

መኪናዋን ንቆ ገዝቷት እንደ ልጅ ወደዳት። የሞተሯን ዘይት ጊዜው ሳይደርስ ይቀይራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጥባት ደግሞ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ የሚጠነቀቅ ነው የሚመስለው። የካምቢዮዋን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኗን፣ ዘይት ግን አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም። አንዴ ብጠይቀው ፍርጥም ብሎ መለሰልኝ፦ «ማርሹን ራሷ ከቀየረች ዘይቱንም ራሷ ትቀይር!»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ የምሩን ኖሯል። አውቶቡሱ የድርጅቱ ነበር፤ የካምቢዮ ዘይት የጋራዥ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እሱ ይነዳል፣ እነሱ ይቀይራሉ። ማን፣ መቼ፣ በምን እንደሚቀይረው ጠይቆም አያውቅ። እና አንድ ሰው «ይቺኛዋ ሁሉንም ራሷ ነው የምትሠራው» ሲለው አመነ።

የጡረታው ዋና ሥራ የወንድሜን ልጅ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ ነው። ለዚህች ለአጭር መንገድ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ይለብሳል። ወርዶ በሩን ይከፍትላትና «ተሳፋሪ፣ ቲኬት!» ይላታል፤ እሷ መዳፉን በጥፊ ትለዋለች፣ ቲኬቱ ያ ነው። እናቴ እንደምትለው ይቺ ልጅ ባትኖር እሱን ከአልጋ የሚያስነሳው ነገር አይኖርም። እውነቷን ነው።

ከዚያ መኪናዋ መዝለል ጀመረች። ነዳጅ ሲሰጣት ትንሽ ታስባለች፣ ሞተሯ ብቻውን ይጮኻል፣ ከዚያ ድንገት ዘላ ትነሳለች። አንድ እሁድ ሁላችንም ምሳ ላይ ተሰብስበን ልጅቷ «አያቴ ሲነዳ አንገቴ እንዲህ ይላል» አለችና ሾርባ የያዘ ማንኪያ በእጇ እንዳለ አሳየችን። ከሾርባው የተረፈ የለም፣ ሁላችንንም አዳረሰን።

አባቷ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ኢንሹራንስ ነው የሚሠራው። ደረጃ ሲወርድ እንኳን ሳይወድቅ ካሳውን የሚያሰላ ሰው ነው። ሸሚዙን እየጠረገ አባዬን አየው።

«አባዬ፣ እግርህ ከበድ ብሏል መሰለኝ።»

«ካምቢዮው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

«ዕድሜም እኮ ...»

«ካምቢዮው ነው አልኩህ!»

«እሺ፣ ካምቢዮው ይሁን። ግን ከዚህ በኋላ ልጄን እኔ አደርሳታለሁ። አንተም ቁልፉን ብታስቀምጠው ይሻላል።»

አባዬ የያዘውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰው። አንጀቴን በላው። ወንድሜ ላይ ደግሞ ደሜ ፈላ፤ ገና ሳይመረመር የፈረደ ሁሉ ያናድደኛል።

«ነገ ጋራዥ እንወስዳታለን» አልኩ። «መካኒኩ ካምቢዮው ነው ካለ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ፣ ልጅቷንም ይወስዳል።»

«ይሁን» አለ ወንድሜ፤ ያልኩት እንደማይሆን እርግጠኛ ሆኖ።

መካኒኩ ሰፊ ሰውዬ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው የሚውለው። ሞተሯን ሳያጠፋ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጠረገው፣ ከዚያ እንደ ሽቶ አሸተተው።

«አባት፣ ይሄ መቼ ነው የተቀየረው?»

«ምኑ?»

«የካምቢዮው ዘይት።»

አባዬ ምስክር እንድሆነው ወደ እኔ ዞረ። «አውቶማቲክ ናት እኮ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ራሷ ነው የምትቀይረው።»

መካኒኩ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። አልሳቀም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። እኔ ግን ጎማ የማይ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

«አባት፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ይሄ ተቃጥሏል። ቀይ መሆን ነበረበት፣ ይኸው ጠቁሯል። ያሽትቱት።»

አባዬ አሸተተ፣ ወረቀቱንም ለእኔ አቀበለኝ። ምድጃ ላይ ተረስቶ ያረረ ድስት ይሸታል። ቀና ስል የአባዬ ፊት እንደ መብራት በርቷል። መኪናው ታሞበት እንዲህ የተደሰተ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ወንድሜ ጋ ደወለ። «ተቃጥሏል!» ይላል እየጮኸ። «አሽትቶታል! እኔም አሽትቼዋለሁ! እህትህም አሽትታዋለች!»

ደስታው ዋጋው እስኪነገረው ድረስ ቆየ።

«ለዘይት?» አለ። «በዚህ ዋጋ እኮ ሌላ መኪና ይገዛል!»

«ዘይቱ ብቻ አይደለም፤ ማጣሪያው ፊልትሮም ማሸጊያው ጓርኒሲዮንም አብረው ይቀየራሉ። ሌላ ካምቢዮ ስንት እንደሆነ ልንገርዎት?»

«አትንገረኝ!»

መካኒኩ አንድ ነገር አስጠነቀቀን። ዘይቱ እንዲህ ከቆየ በኋላ ሲቀየር አንዳንዴ ካምቢዮው ጭራሽ እምቢ ይላል፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አያወጣውም፤ ግማሹን ቀይሮ፣ ተነድታ፣ ሌላውን ሌላ ጊዜ። «ከአሁኑ ተናግሬአለሁ» አለ። አባዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ቀይረው» አለው፣ «ቀይረውና ወንዱ ልጄ ይይ።»

ቀየረው። የወጣው ዘይት ከጥላሸት አይለይም። ታች ካለው ማግኔት ላይ ደቃቅ የብረት ብናኝ ተለጥፎ እንደ ፀጉር ቆሟል። አዲሱ ዘይት ቀይ፣ ንጹሕ፣ ሲገባ የሚያምር። አባዬ በመኪናዋ ፈንታ የሚጠጣው እሱ ይመስል ጠርሙሶቹን ተራ በተራ አያቸው።

ለሙከራ ወጣን፤ አባዬ መሪ ላይ፣ እኔ አጠገቡ፣ መካኒኩ ከኋላ። ነዳጅ ሰጣት። አላሰበችም፣ አልዘለለችም፤ ሄደች። ሁለተኛው ማርሽ መቼ እንደገባ ማንም አላወቀ። «ኧረ ቅቤ ናት!» አለ አባዬ። ያፏጭ ጀመር። ከወር በላይ ቀስ እያለ፣ እየፈራት ሲነዳት የነበረ ሰውዬ አሁን ክንፍ አወጣ። እኔም ወንድሜ ይቅርታ ሲጠይቅ ምን ዓይነት ፊት እንደማሳየው እያሰብኩ ፈገግ ብያለሁ።

አንዲት ሴት የልጇን እጅ ይዛ ከግራ በኩል ዜብራው ላይ ገባች። እኔ አየኋት። አባዬም ያያት መስሎኝ ነበር፤ ፉጨቱ ግን አልቆመም።

«አባዬ!»

ፍሬን ያዘ። ስንቆም ሴትየዋ መዳፏን ኮፈኑ ላይ ለማሳረፍ የምትችልበት ቦታ ላይ ነበርን፤ አሳረፈችም። አባዬን በመስታወቱ አየችው፣ ምንም ሳትል ልጇን ስባ ተሻገረች።

መካኒኩ ከኋላ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ፍሬኑ ትንሽ ዘግየት ይላል መሰለኝ። ስንመለስ እናየዋለን።»

«አዎ፣ ፍሬኑ ነው» አልኩ እኔም ቶሎ ብዬ።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለ አባዬ። «አላየኋትም።»

መኪናዋን ዳር አስይዞ ማርሹን ፓርክ ላይ አደረገ። ወርዶ ዞረ፣ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተና «ከዚህ አንቺ ንጂ» አለኝ። ጋራዥ እስክንደርስ ድረስ መካኒኩ ስለ ዘይት ዓይነቶች ሲያወራ ነበር፤ ሰው እንዳያዝን የሚያወራ ሰው ወሬ።

ማታ ወንድሜ ልጁን ይዞ መጣ። ኬክ ገዝቷል፣ ኢንሹራንስ ሲያጠፋ በኬክ ነው የሚክሰው። እኔ መንገድ ላይ የሆነውን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ። መካኒኩም የሚናገር ሰው አልነበረም። አባዬ ዝም ቢል ማንም አያውቅም።

«አባዬ፣ ይቅርታ» አለ ወንድሜ። «ካምቢዮው ኖሯል። ከነገ ጀምሮ ልጅቷን አንተው ውሰዳት።»

ልጅቷ ጮቤ ረገጠች። አባዬ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ሊይዘው መስሎኝ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ወንድሜ ፊት አስቀመጠው።

«ካምቢዮው ተሠርቷል» አለ። «ዛሬ ግን አንዲት እናት ከነልጇ ልገጭ ነበር። በግራ የሚመጣው አይታየኝም፤ ቆይቷል። መኪናዋ ስለምትዘል ቀስ እያልኩ ስነዳ ለራሴም አልታወቀኝም።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ አለቀስኩ፤ መደበቅም አልቻልኩም። ወንድሜ ሲፈልገው የነበረውን ቁልፍ ያየዋል፣ እጁ ግን አልሄደለትም።

«ውሰደው እንጂ» አለው አባዬ። «ልጅህ ናት።»