ከመጋቢት በኋላ የተጻፈ ዝርዝር

አቶ ጎትሆልድ ፕሪትሰል እኔ ወደማስተምረው ሴሚናር የመጡት በሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በእኛ ዩኒቨርሲቲ ጡረተኞች ያለ ፈተናና ያለ ዲግሪ ገብተው ማዳመጥ ይችላሉ፤ አብዛኞቹም የሥዕል ታሪክ ወይም ጥንታዊት ግብጽን ይመርጣሉ። እሳቸው የመረጡት የዘመናዊ አውሮፓ ታሪክና ፖለቲካን ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከትውልድ ከተማቸው አርባ ደቂቃ በባቡር ተጉዘው፣ ከአሥራ አንዱ ተማሪዎች ቀድመው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡ ነበር።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። እኛ ስንከራከር ዝም ብለው ይጽፋሉ። በሰባተኛው ሳምንት ርእሳችን የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ የምሥራቅ ጀርመን ፋብሪካዎች እንዴት እንደተሸጡና እንደተዘጉ ነበር። ቲዮ የሚባል ተማሪ «ሽግግሩ ያስከተለው ማኅበራዊ ዋጋ» እያለ ጽሑፉን ሲያነብ አቶ ፕሪትሰል እጃቸውን አወጡ።

«ይቅርታ ዶክተር፤ እሱ ዋጋ የሚለውን እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ቲዮ ሳቅ አለ። «መጽሐፍ አለዎት እንዴ?»

«መጽሐፍ አይደለም ልጄ። የስም ዝርዝር ነው።»

ከዚያ ነገሩን። የሽመና መኪና በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኞች ተወካይ ነበሩ። ግንቡ በፈረሰ በሦስተኛው ዓመት ሽያጩን የሚያስፈጽሙት ሰዎች መጡና፣ «ገዢ ተገኝቷል፤ ከአንድ ሺህ አንድ መቶው ሠራተኛ አራት መቶው ሊቀር ይችላል፤ የሚሄደውን እናንተው ምረጡ» አሏቸው። አቶ ፕሪትሰል ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሦስት ቀን ተቀምጠው ሰባት መቶ ስም ጻፉ። ከመጀመሪያዎቹ ስሞች አንዱ የታናሽ ወንድማቸው የኤክሃርት ነበር።

«ወንድሙን አስቀረ ብለው እንዳያሙኝ ነው» አሉ።

ገዢ የተባለው ሳይመጣ ቀረ። ለገና የቀሩት አራት መቶዎቹም ተበተኑ። ኤክሃርት መጠጥ ያዘ፤ በአራተኛው ዓመት ሞተ። ሚስቱ ሮስቪታ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አቶ ፕሪትሰልን አነጋግረው አያውቁም።

«እዚህ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው» አሉ አቶ ፕሪትሰል። «ሌላ መንገድ ነበር ወይ?»

ሁሉም ወደ እኔ አየ። እኔም እንደ ልማዳችን፣ በዚህ ላይ አጥኚዎች ገና አልተስማሙም ብዬ መለስኩ። አቶ ፕሪትሰል ይህችንም መልስ ጻፏት። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነገሩን ከልቧ የያዘችው ቪብከ ነበረች፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ ትጉዋ እሷ ናት። የዚያ ዘመን ፋይሎች ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸው ለአንባቢ ተከፍተው ስለነበር በርሊን ሄዳ መዝገብ ቤት ስታገላብጥ ሰነበተች። በሦስተኛው ማክሰኞ ፊቷ ፈክቶ ገባችና የሽያጩ አስፈጻሚዎች የጻፉትን የአንድ ደብዳቤ ቅጂ አቶ ፕሪትሰል ፊት ዘረጋች። ፋብሪካው ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ የተወሰነው መጋቢት ዘጠኝ ቀን ነው። ደብዳቤው፣ ሠራተኛው እንዳያምፅ ቅነሳው በደረጃ ይሁን፣ ስሞቹንም የራሱ ተወካዮች ይምረጡ ይላል። አቶ ፕሪትሰል ዝርዝሩን የፈረሙት ግንቦት አሥራ አራት ነበር።

«አዩ?» አለች ቪብከ። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም! ጻፉም አልጻፉም መዘጋቱ አይቀርም ነበር!»

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ኤክሃርትን በከንቱ ነዋ የሰጠሁት።»

«ኧረ እንደዚያ ማለቴ አይደለም...»

«አውቃለሁ ልጄ። ስለ ልፋትሽ አመሰግናለሁ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጡም። ቅዳሜ ደወሉልኝ። «ሮስቪታ ዘንድ ልሄድ ነው። ብቻዬን ብነግራት አታምነኝም፤ እባክዎ አብረውኝ ይምጡ።»

ሄድን። ወይዘሮ ሮስቪታ በሩን ከፈቱ እንጂ ግቡ አላሉንም። እጃቸው ላይ የድንች መላጫ ቢላ ይዘዋል።

«ሮስቪታ፣ ይህን ወረቀት እይው። አታለውኝ ነው።»

«መነጽሬን አላደረግኩም።» ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ የተማሩ ነዎት? እስቲ ያንብቡት።»

ደፉ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ስጨርስ ወደ አቶ ፕሪትሰል ዞሩ።

«ሠላሳ ዓመት ጨካኝ ነህ ስል ኖርኩ» አሉ። «አሁን ደግሞ ሞኝ ነበርኩ ልትለኝ መጣህ። ለእኔ ምን ይለውጥልኛል?»

«ሁላችንም መባረራችን አይቀርም ነበር እኮ...»

«አዎ፣ ሌሎቹ ለገና አብረው ወጡ። አብረው አለቆቹን ሰደቡ፣ አብረው አለቀሱ። ግንቦት ላይ ከወጡት ሁሉ ወንድሙ ያወጣው ግን የእኔው ብቻ ነው፤ መጥቶ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ ነው ያወጣኝ አለ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አያውቅም።»

«ሰው እንዳያማኝ ብዬ ነው ሮስቪታ።»

«ለስምህ ብለህ።»

በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ሲቆለፍ ሰማን።

ወደ ባቡር ጣቢያው ስንሄድ አቶ ፕሪትሰል ክንዴን ያዙ። «በሴሚናሩ ከተባለው ሁሉ ይልቅ የእሷ መልስ ነው የገባኝ» አሉ።

በጸደዩ የሥራ ውሌ አለቀ፤ አልታደሰልኝም። ሴሚናሩም ከትምህርት ዝርዝሩ ተሰረዘ። ቪብከ በዚያ ደብዳቤ ላይ የመመረቂያ ጽሑፏን ሠርታ ከፍተኛውን ነጥብ አገኘች። አቶ ፕሪትሰል በአንድ የግርጌ ማስታወሻ «የሠራተኞች ተወካዩ» ተብለው ተጠቅሰዋል።

በመኸር ልጠይቃቸው ስሄድ ማእድ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ፖስታዎች ተከምረው አገኘሁ። ከሰባት መቶዎቹ የስድሳ ሦስቱን አድራሻ አፈላልገው፣ ለእያንዳንዱ የደብዳቤውን ቅጂና አንድ ገጽ የይቅርታ ቃል ልከዋል። አብዛኞቹ ተቀባይ ጠፍቶ ተመልሰዋል። መልስ የሰጡት አራት ብቻ ናቸው። ሦስቱ ሁለተኛ እንዳይጽፉላቸው አስጠንቅቀዋል። አራተኛውን የጻፈችው የአንዱ ሠራተኛ ልጅ ነች፤ አባቷ ባለፈው ክረምት እንደሞተ፣ ስለ ፋብሪካው ግን አንድም ቀን ሲያወራ እንዳልሰማች ትናገራለች።

«ምን ልመልስላት?» አሉኝ።

ባዶ ወረቀት ስበው ስሟን ከላይ ጻፉና ብዕሩን ወደ እኔ ገፉት።