ኢድሪስ የቆፈረው አፈር

ዛሬ ማለዳ ከድንበር ማዶ፣ እዚህ ገዳሪፍ ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ ከጭቃው ያወጣችውን የመሬት ትል በመዳፏ ይዛ መጣችና፣ እንደ አገሩ ወግ አክስቴ ብላ፣ «ኻልቲ፣ እዪው፣ ይሄዳል!» አለችኝ። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ብያት ወደ ቤት ገባሁ። ፊቴን እንድታየው አልፈለግሁም።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ ከተማ፣ ዘሙ ከምትባል የጎንደር ሴት ጋር በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። ዘሙ በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ባሏ ኒው ሀልፋ፣ የሸንኮራ እርሻ ላይ ሾፌር ስለነበር «እስክደላደል ያዥልኝ፣ እህቴ» ብሎ ሁለቱን ልጆች እኔ ዘንድ ትቶ ሄደ። ሰሚራ ነፍስ ያወቀች ነበረች፤ ኢድሪስ ግን ገና አፉን የፈታ ጨቅላ ነበር። እናቱ አፈር ውስጥ እንዳለች ማን እንደነገረው እንጃ፣ በየቀኑ በማንኪያ ግቢውን ይቆፍር ጀመር። ተው ልለው አንጀቴ እንቢ አለኝ።

አንድ ቀን ከውኃው ጋን ሥር፣ ጠብታው ካራሰው አፈር፣ ትል አወጣ።

«እታለም፣ ይሄ እማዬን ያውቃታል?» አለኝ።

«እስኪ አብረን እንየው» አልኩት።

ያን ክረምት በትል አሳለፍነው። ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ጥቁሩን የገዳሪፍ አፈርና ቢጫ አሸዋ እያፈራረቅን ሞላን፤ የሐብሐብ ልጣጭ ጣል አድርገን በጨርቅ ሸፈንነው። ከቀናት በኋላ ስንገልጠው ትሎቹ መንገድ አውጥተው፣ ጥቁሩን ከቢጫው ደባልቀውታል። ሰሚራ ደረቅ ወረቀት ላይ አንዱን አስቀምጣ ጆሯችንን ስናስጠጋ ሸክ ሸክ ሲል ሰማን። ኢድሪስ ከት ብሎ ሳቀ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ማንኪያውን ተወው፤ ማታ ማታም እቅፌ ውስጥ ይተኛ ጀመር።

ሰሊጡ በታጨደበት ወቅት አባታቸው ልጆቹን ሊወስድ መጣ። አግብቷል። «አላህ ይስጥሽ፣ ውለታሽን አልረሳም» አለኝ። ሰሚራ ቀድማ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ኢድሪስ ቀሚሴን ጨምድዶ ይዞ ነበርና አባቱ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ጩኸቱ አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባል አገባሁ፤ ልጅ ግን አላህ አልሰጠኝም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጊዜ ከሰላ ከተማ መናኸሪያ ተራ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ ሻንጣዬን አነሣልኝ። ቅንድቡ፣ አገጩ፣ ቁርጥ ዘሙ። ስሙን ጠየቅሁት፤ ኢድሪስ ነው። ክንዱን ያዝኩት።

«እኔ እኮ እታለም ነኝ! ገዳሪፍ፣ ልጅ ሆነህ…»

ለማስታወስ ሞከረ፤ ከልቡ ሞከረ። «ማሌሽ፣ ይቅርታ ኻልቲ፣ አላስታወስኩሽም። እኛ ኒው ሀልፋ፣ እናታችን ጋ ነው ያደግነው። አሁን ትንሽ አሟታል፤ መድኃኒት ይዤላት ልሄድ ነው።»

እናታችን ሲል ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ! የዘሙ ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። «አላህ ይማርልህ» ብዬ ሸኘሁት።

እንጀራ እናቱ በፍቅር እንዳሳደገችው ከድምፁ ገብቶኛል፤ ደስ ሊለኝ በተገባ። ግን ሰሚራም ካልነገረችው፣ ዘሙ የምትባል ሴት በዚህ ምድር እንደነበረች የማነሣ ምናልባት እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። እኔም እያረጀሁ ነው።